ደብዳቤ በመልሱ ይፈተናል
የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አጻጻፍ ልምምድ፤ ሰዋስዉን ተምረው ከፍ ወዳለ ደረጃ ለደረሱ ወጣቶች



ከመካከላችን እንግሊዝኛን ከሕፃንነት ጀምሮ የተማርን፣ ግሥ የምናረባ፣ መጽሐፍ ከፍተን የምናነብ፣ የፈተና ጥያቄ የምንመልስ ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ቀርቦ «እስኪ ይህን ጉዳይ በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ» ሲለን ብዕራችን ይቆማል። ቃል ጠፍቶን አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም በሩቅ አገር ተቀምጦ ፊታችንን ለማያይ፣ ድምፃችንን ለማይሰማና ልማዳችንን ለማያውቅ ሰው ነገራችንን እንዲገባው አድርጎ ማቅረብ ነው።

ይህ ትምህርት ለደባርቅና ለዳባት ወጣት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆኗል። ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ የሚመዘገበው በደባርቅ ነው፤ ከመምጣቱም በፊት መንገዱን በጽሑፍ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ከእኛም ወገን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ማመልከት የሚሻ አለ፤ ባሕር ማዶ ተወልዶ አማርኛ ማንበብ ለማይችል የልጅ ልጅ ቃሏን መላክ የምትሻ አያትም አለች። ደብዳቤው በፖስታ ቢሄድ ወይም ዛሬ እንደተለመደው በኢሜይል ቢላክ ሥራው አንድ ነው፤ እኛ መቆም በማንችልበት ቦታ ስለ እኛ የሚቆመው እርሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንይዘው አሳብ አንድ ነው። ደብዳቤ የሚፈተነው በመልሱ ነው። ያማረ ቃል ተደርድሮበት አንባቢው ምን እንደተጠየቀ ሳያውቅ ከቀረ ደብዳቤው ወድቋል። በአጭር ቃል ተጽፎ ተገቢውን መልስ ካስገኘ ግን ደብዳቤው አልፏል።

1ኛ፦ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ

ከሁሉ አስቀድመን ከራሳችን ተራራ የሚነሣ ታሪክ እናስታውስ። ዛሬ በጃናሞራ ወረዳ በምትገኘው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እኒሁ ንጉሥ በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በአማርኛ የተጻፈ ነው። በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ የሞቱትን ወዳጆቻቸውን ቆንስል ፕላውደንንና ጆን ቤልን ያነሣል፤ ከዚያም ወደ ጉዳዩ ገብቶ፣ ቱርኮች የባሕሩን በር ስለያዙ መልእክተኞቻቸውና ገጸ በረከታቸው በደኅና ወደ እንግሊዝ የሚያልፉበት መንገድ እንዲታሰብበት ይጠይቃል።

ደብዳቤው በቆንስል ካሜሮን በኩል ተልኮ በ1855 ዓ.ም. የካቲት ወር ለንደን ደረሰ። ሆኖም መልስ አልተጻፈበትም፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ንጉሡ ከዓመት በላይ ጠብቀው መልስ ሲያጡ ዝምታውን ንቀት ነው ብለው ተረጐሙት። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ታሰረ። የንግሥቲቱ መልስ በመልእክተኛው በራሳም እጅ ለንጉሡ የደረሰው በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ነበር፤ ያን ጊዜ ነገሩ እጅግ ተበላሽቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ለዚያ ጦርነት ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ አንጭንም። ግን ለደብዳቤ ተማሪ የሚሆን ትልቅ ትምህርት አለበት። መልስ አለመስጠትም መልስ ነው፤ የተቀባዩም ልብ ዝምታውን በራሱ ቋንቋ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ደብዳቤ መጻፍን የሚለማመድ ሰው መልስ መስጠትንም አብሮ መለማመድ አለበት። «አይቻለንም» የሚል የሁለት መስመር መልስ እንኳ ከዝምታ ይሻላል።

2ኛ፦ ሐዋርያው እንዴት ጻፈ

እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለደብዳቤ አጻጻፍ ሌላ መምህር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱስ ጳውሎስን መልእክታት 14 ብላ ትቈጥራለች። ከእነርሱም ለፊልሞና የተጻፈው 25 ቁጥር ብቻ ያለው አጭር ደብዳቤ ነው። አናሲሞስ የሚባል አገልጋይ ከጌታው ከፊልሞና ቤት ወጥቶ ሐዋርያው ወደታሰረበት መጣና አመነ፤ ሐዋርያውም ጌታው እንደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምንለታል።

የደብዳቤውን አካሄድ እንመልከት። መጀመሪያ ጸሐፊው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚጽፍ ይናገራል። ቀጥሎ ስለ ተቀባዩ እውነት የሆነውን በጎ ነገር ብቻ አንሥቶ ያመሰግናል። ከዚያ ልመናውን ያቀርባል። ቀጥሎም «ጉዳት ደርሶብህ እንደሆነ እኔ እከፍላለሁ» የሚል አሳብ በገዛ እጁ ጽፎ ኃላፊነቱን ይወስዳል። በመጨረሻ ማደሪያ እንዲዘጋጅለት ነግሮ ከእርሱ ጋር ያሉትን ሰዎች ሰላምታ አድርሶ ይጨርሳል። ከዚህ የሚበልጥ የማመልከቻ አሠራር በየትኛውም የእንግሊዝኛ መማሪያ ቢፈለግ አይገኝም።

እንዲሁም ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ፣ እነርሱ ጽፈው ስለጠየቁት ነገር እንደሚመልስ ራሱ ይገልጻል። ስለዚህ ዛሬ በቅዳሴ ቆመን ከምንሰማው መልእክት አንዳንዱ ለደብዳቤ የተሰጠ መልስ መሆኑን ልብ እንበል።

3ኛ፦ የእኛ ልማድና የእነርሱ ልማድ

አማርኛውን ቃል በቃል ብንገለብጠው ሰዋስዉ ትክክል ሆኖ ሳለ አንባቢውን የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ) አድራሻ። እኛ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እንሄዳለን፤ «በአማራ ክልል በሰሜን ጎንደር ዞን በደባርቅ ከተማ» ብለን ስሙን በመጨረሻ እንጽፋለን። በእንግሊዝኛ ግን ከጠባቡ ወደ ሰፊው ነው። ስም ይቀድማል፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይከተላል፤ ከዚያ ከተማ፣ በመጨረሻም አገር። የጸሐፊው አድራሻ በወረቀቱ ራስጌ በቀኝ በኩል፣ ቀኑ ከሥሩ፣ የተቀባዩ አድራሻ ደግሞ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል ይሆናል።

ለ) ቀን። የእኛን ዓመተ ምሕረት ብቻ ጽፈን ብንልክ አንባቢው ደብዳቤው ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ይመስለዋል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 እንጨምር። ለምሳሌ ጥምቀት፣ ጥር 11 ቀን፣ በእነርሱ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ እንጻፍ፤ 3/4 ብለን ብንጽፍ እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3 ብሎ ሲያነበው አሜሪካዊው ማርች 4 ይለዋል።

ሐ) ሰዓት። «አውቶቡሱ ከጎንደር በ12 ሰዓት ይነሣል» የሚለውን ቁጥሩን ሳንለውጥ ብንጽፍ እንግዳው የሚመጣው በቀትር ነው። አውቶቡሱ ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ጨርሶ ደባርቅ ከገባ ቆይቷል። የእኛ የማለዳ 12 ሰዓት በእነርሱ 6 ነው፤ የእኛ 3 ሰዓት ደግሞ 9 ነው።

መ) ስም። የእነርሱ የመጨረሻ ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ የእኛ ግን የአባት ስም ነው። አበበ ከበደ ብሎ የፈረመ ሰው «ሚስተር ከበደ» ተብሎ ቢጻፍለት ሊደነቅ አይገባውም፤ በትሕትና አንድ መስመር ጨምሮ «የተጠራሁበት ስም አበበ ነው፤ ከበደ አባቴ ናቸው» ብሎ ማስረዳት ይችላል። እኛም ለእነርሱ ስንጽፍ «ሚስተር» ብለን የመጨረሻውን ስም እንጥራ።

ሠ) መግቢያና መዝጊያ። የተቀባዩን ስም የማናውቅ ከሆነ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብለን ጀምረን «ዩርስ ፌዝፉሊ» ብለን እንዘጋለን። ስሙን ጠርተን የጀመርን እንደሆነ መዝጊያው «ዩርስ ሲንሲርሊ» ነው። «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን መዝጊያችንን ቃል በቃል መገልበጥ አያስፈልግም።

ረ) ሰላምታ። እኛ «እንደምን ከርመዋል፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ክረምቱስ እንዴት አለፈ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ሳንል ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ይመስለናል። ይህ መልካም ባህላችን ነው፤ ለምናውቀው ወዳጅ በእንግሊዝኛም ብንጽፈው ይወደዳል። ለማያውቀን የቢሮ ሰው ስንጽፍ ግን ጉዳያችን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቀመጥ፦ «አይ አም ራይቲንግ ቱ አስክ አባውት…»፤ ማለትም «የምጽፍልዎ ስለ… ለመጠየቅ ነው»። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ። እንዲህ ማድረግ ድፍረት አይደለም፤ የሰውዬውን ጊዜ ማክበር ነው።

4ኛ፦ አክብሮት ከተውላጠ ስም ወደ ግሥ ሲሄድ

ከፍ ላለው ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እያለ አክብሮትን በተውላጠ ስሙ ላይ ያኖራል። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «ዩ» ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ አክብሮቱ የት ይሄዳል? ወደ ግሡ ይሄዳል። «ሴንድ ሚ» ቢባል ትእዛዝ ነው። «ፕሊዝ ሴንድ ሚ» ትንሽ ይለሰልሳል። «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ» ቢባል ጥያቄ ይሆናል። «አይ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ ሴንድ ሚ» ሲባል ግን የእኛ «ቢልኩልኝ ባለውለታዎ ነኝ» ይሆናል። «አይ ዎንት» የሚለው ቃል በሰዋስው አልተሳሳተም፤ ለማያውቁት ሰው ሲጻፍ ግን «እርስዎ» ማለት የሚገባንን ሰው «አንተ» ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነው።

ስለ ሦስተኛ ሰው ስንጽፍም እንጠንቀቅ። «አባታችን መጡ» የሚለውን የአክብሮት አነጋገር ወደ «ዜይ» ብንመልሰው አንባቢው ብዙ ሰዎች የመጡ ይመስለዋል። ካህንም ቢሆኑ አባትም ቢሆኑ በእንግሊዝኛ «ሂ» ነው፤ ክብራቸው በማዕረጋቸው ይገለጻል።

የአንድ ግሥ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳ ታሪካችን ይመሰክራል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ሊሠሩ እንደሚችሉ ይናገራል። ጣልያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎት ነበር። ከዚህ የተነሣው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ አደረሰ። በእንግሊዝኛም «ሜይ» እና «መስት» የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ቃላት እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ፈቃድ ሲሆን ሌላው ግዴታ ነው። ስለዚህ ስንጽፍ ግሡን ሁለት ጊዜ እንመርምር።

5ኛ፦ እውነት ያልሆነ ደብዳቤ

አሁን ደግሞ ከቋንቋው ወደ ጸሐፊው እንመለስ። እንግዳ በሚበዛበት ከተማ ሁሉ የሚታይ አንድ ፈተና አለ። ይኸውም አድራሻውን ለሰጠ መንገደኛ የችግር ደብዳቤ መጻፍ ነው። ችግር ያለበት ሰው ችግሩን ቢናገር ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን በሕይወት ያለ አባት ሞተ ተብሎ ሲጻፍ፣ ያልታመመች እናት ታመመች ሲባል፣ የሌለ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጠየቅ፣ ያ ደብዳቤ ሰዋስዉ ምንም ያህል ቢያምር ወድቋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ የሐሰት ደብዳቤ የታወቀ ቀን የሚዘጋው በር በጸሐፊው ላይ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ አባቱ የሞተበት ልጅ ነገ ሲጽፍ የሚያምነው ያጣል። እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህን ብናደርግ ደግሞ በስማችን ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ስም አለ።

እውነተኛ የእርዳታ ጥያቄ ሦስት ምልክቶች አሉት። አንደኛ፣ የሚፈለገው ነገርና መጠኑ ለይቶ ይነገራል። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ነገሩን በምን ሊያረጋግጥ እንደሚችል ይገለጻል። ሦስተኛ፣ እርዳታው ከደረሰ በኋላ ምን እንደተሠራበት የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ይላካል። ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ፣ ለምሳሌ የጣራ እድሳት ቢሆን፣ ጥያቄው በአንድ ወጣት ስም ሳይሆን በሰበካ ጉባኤው ውሳኔ፣ በደብሩ አስተዳዳሪ ፊርማና በማኅተም መሄድ ይገባዋል። እኛ ረቂቁን በእንግሊዝኛ ማዘጋጀት እንችላለን፤ ማዘዝ ግን የእኛ ድርሻ አይደለም።

6ኛ፦ ለሌላው ሰው ስንጽፍ

ወደ ሮሜ ሰዎች በተላከው መልእክት መጨረሻ ላይ ጤርጥዮስ የሚባል ሰው መልእክቱን የጻፈው እርሱ መሆኑን ገልጾ ሰላምታ ያቀርባል። ቃሉ የሐዋርያው ነው፤ እጁ ግን የጤርጥዮስ ነው። እኛም ማንበብ የማይችሉ እናት መጥተው «ለልጄ ልጅ ጻፉልኝ» ሲሉን የጤርጥዮስን ሥራ እንሠራለን።

ይህ ሥራ አደራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሉትን ሁሉ በአማርኛ እንጻፈው፤ እናንብብላቸው፤ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» ሲሉ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰው። «ዐይንሽን ሳላይ እንዳልሞት» ካሉ «ትናፍቀኛለሽ» ብለን አናሳንሰው፤ በተራ ቃላት ሙሉውን አሳብ እንጻፈው። የቤት ምስጢር ቢነግሩን ከጽሑፉ ጋር በፖስታው ይታሸግ። መልሱም ሲመጣ ደስ የማያሰኝ እንኳ ቢሆን ሳንጨምርና ሳንቀንስ፣ ግን ረጋ ብለን እናንብብላቸው።

7ኛ፦ መልመጃ

ልምምዱ ብቻን የሚሠራ አይደለም። ሁለት ሁለት ሆነን አንዳችን እንጽፋለን፤ ወረቀቱን እንለዋወጣለን፤ ሌላችን በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ብቻ ይዘን መልስ እንጽፋለን። «እንዲህ ማለትሽ ነው እንዴ?» ብሎ በቃል መጠየቅ አይፈቀድም፤ እውነተኛው አንባቢ ባሕር ማዶ ነውና። መልሱ ከታሰበው ውጪ ከመጣ ጥፋቱ ከደብዳቤው እንደሆነ ቈጥረን ደብዳቤውን እንደገና እንጽፋለን።

ሀ) አንድ መንገደኛ በሰሜን ተራሮች ሦስት ቀን በእግር ለመጓዝ ፈልጎ ጠይቋል። ምዝገባው የት እንደሆነ፣ ከጎንደር ያለውን ርቀት፣ የሌሊቱን ብርድ፣ በዱር በዚሁ ተራራ ብቻ ስለሚገኘው ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮም በመግለጽ መልሱለት። ቀንና ሰዓት በእነርሱ አቈጣጠር ይሁን።

ለ) በውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት ዕድል ጠይቁ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። ያላደረጋችሁትን አትጻፉ፤ ያደረጋችሁትን በቁጥርና በዓመት ግለጹ።

ሐ) የአንዲት አያትን ቃል በአማርኛ ተቀብላችሁ ለልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ጻፉ።

መ) የማይቻል ነገር ለጠየቀ ሰው በአክብሮት «አይቻለንም» ብላችሁ መልሱ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ፤ የሚቻል ሌላ መንገድ ካለ አመልክቱ። ከአራቱ ሁሉ ይህ ይከብዳል፤ ስለዚህ ማንም አይዝለለው።

ወረቀቱ ሳይታጠፍ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። እኔ ማን እንደሆንሁ ተጽፏል? የምፈልገው በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይታያል? ግሡ ትእዛዝ ነው ወይስ ጥያቄ? የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው? አንባቢው የሚመልስበት አድራሻና ቀን አለው?

እኅቶችና ወንድሞች፣ በየቤታችን መልስ ሳይጻፍበት የቀረ ደብዳቤ ወይም መልእክት ያለን እንደሆነ የመጀመሪያው የቤት ሥራችን እርሱ ይሁን። የጻፈልን ሰው ዝምታችንን እንዴት እየተረጐመው እንደሆነ አናውቅምና፣ ከሚመጣው እሑድ በፊት ሦስት መስመርም ቢሆን እንጻፍለት። አራቱን መልመጃዎች ግን ሠርታችሁ ከጉባኤው በኋላ ይዛችሁ ኑ፤ ወረቀቶቹን ተለዋውጠን በጋራ እናርማቸዋለን።